በአሮጌ ቤት ውስጥ አስቤስቶስን መጠርጠር፦ ዓይን የሚያየውና ዓይን የማይደርስበት

ጠያቂው ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እንደተሠራ የተነገራቸውን ቤት ገዝተው ሊያድሱት ተነሥተዋል። በምድር ቤቱ የሚያልፉት የሙቅ ውሃ ቧንቧዎች ነጭ ነገር ተጠቅልሎባቸዋል፤ የወጥ ቤቱ ወለል ጠቆር ያሉ ትናንሽ አራት ማዕዘን ንጣፎች አሉት፤ የሳሎኑ ኮርኒስ ሻካራ ቅብ ነው፤ የጓሮው ዕቃ ቤት ጣሪያ ደግሞ ግራጫና ሞገድማ ነው። ከእነዚህ አስቤስቶስ (አቧራው ሲተነፈስ ካንሰር የሚያመጣ ቃጫማ ማዕድን) ያለበትን በዓይን እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ አንድ ወዳጃቸው «እሳት ላይ ሞክረው፤ ካልተቃጠለ አስቤስቶስ ነው» ያሏቸው እውነት መሆኑን፣ እንዲሁም መብራት ለመስቀል ብለው የሳሎኑን ኮርኒስ በመሰርሰሪያ መብሳታቸው ምን ያህል እንደሚያሰጋቸው ጠይቀዋል።

ከዋናው ልጀምር። አስቤስቶስን በዓይን መጠርጠር ይቻላል፤ በዓይን ማረጋገጥ ግን አይቻልም፤ «የለበትም» ብሎ በዓይን መወሰንም አይቻልም። ዓይን ጥርጣሬን መጨመር ይችል ይሆናል እንጂ ጥርጣሬን የማንሣት አቅም የለውም። ምክንያቱ የቃጫዎቹ ቅጥነት ነው። ወደ ሳንባ ጥልቀት የሚዘልቁት የአስቤስቶስ ቃጫዎች ውፍረታቸው ከ3 ማይክሮ ሜትር በታች ሲሆን፣ የሰው ፀጉር በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል። እንዲህ የቀጠነ ቃጫ በሲሚንቶ፣ በሬንጅ፣ በፕላስቲክ ወይም በቀለም ውስጥ ሲዋሐድ ዓይን የሚያየው ያዋሐደውን ነገር ነው። እኔ ራሴ ናሙናው ሳይመረመር ለየትኛውም ሰሌዳ «ንጹሕ ነው» ብዬ አልፈርምም፤ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ባለሙያም ይፈርማል ብዬ አላምንም።

አስቤስቶስ በቃጫ መልክ የሚገኙ ስድስት የተፈጥሮ ማዕድናት የጋራ መጠሪያ ነው። በቤት ግንባታ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥሙት ነጩ ክሪሶታይል፣ ቡናማው አሞሳይት እና ሰማያዊው ክሮሲዶላይት ናቸው፤ ትሬሞላይት፣ አክቲኖላይት እና አንቶፊላይት የሚባሉት ሦስቱ ደግሞ በአብዛኛው ከሌላ ማዕድን ጋር ተቀላቅለው የሚመጡ ናቸው። ነጭ፣ ቡናማና ሰማያዊ የሚባለው ግን የጥሬው ማዕድን ቀለም ስለሆነ፣ ከተሠራው ዕቃ ቀለም ተነሥቶ ዓይነቱን መገመት ያሳስታል። ሁሉም ዓይነቶች ካንሰር እንደሚያመጡ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያረጋገጠ ሲሆን፣ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው በበቂ ማስረጃ በተረጋገጠው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ «ነጩ ችግር የለውም» የሚል አባባል ከሰሙ አይቀበሉት።

የእሳቱ ሙከራ በሁለት በኩል ስሕተት ነው። አንደኛ፣ አስቤስቶስ አለመቃጠሉ እውነት ቢሆንም ሲሚንቶ፣ ጂፕሰም፣ የመስታወት ሱፍና የድንጋይ ሱፍም እንደዚያው አይቃጠሉም፤ በአንጻሩ አስቤስቶስ ያለበት የፕላስቲክ ወለል ወይም ሬንጅ ሲለኮስ ይነዳል፤ ስለዚህ ወዳጅዎ ባሉት መለኪያ ብንሄድ አደገኛው ነገር ነጻ ይወጣል፣ ደኅናው ይወነጀላል። ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። ለሙከራው ሲባል ዕቃው መሰበር አለበት፤ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ደግሞ በኃይል ሲሞቅ በድንገት እየፈነዳ ስባሪ ይረጫል። መስበር፣ መፋቅ፣ ማሽተትና በጣት ማሻሸትም ለመለየት አይረዱም። አስቤስቶስ ሽታ የለውም፤ አቧራው ሲተነፈስም አያሳክክም፣ አያስነጥስም፤ ስለዚህ ሰውነት ራሱ ያስጠነቅቀኛል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

እንግዲህ በዓይን ምን ይሠራል ከተባለ፣ የጥርጣሬ ካርታ ይሠራል። ካርታው የሚነሣው ዕቃው መቼ ተሠራ፣ የት ቦታ ገባ፣ ለምን ሥራ ተፈለገ፣ ዛሬስ በምን ሁኔታ ላይ ነው ከሚሉት ጥያቄዎች ነው። ስለ ዘመኑ ስናወራ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዓለም የአስቤስቶስ ምርት ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሰው በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ በዓመት ከ4 ሚሊዮን ቶን ያልፍ ነበር። የርስዎ ቤት የተሠራው ወደዚህ ጫፍ በሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። እገዳው ግን ከአገር አገር በእጅጉ ይለያያል። አይስላንድ በ1983 ከቀዳሚዎቹ ሆና አገደች፤ ብሪታንያ ቡናማውንና ሰማያዊውን በ1985፣ ነጩን በ1999 ከለከለች፤ አውስትራሊያ በ2003 ማብቂያ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ 2005 መግቢያ፣ ደቡብ አፍሪካ በ2008፣ ካናዳ በ2018 አገዱ። አሜሪካ የሚረጨውን የእሳትና የሙቀት መከላከያ ከ1973 ጀምሮ፣ የግድግዳ መገጣጠሚያ መሙያውን በ1977 ብትከለክልም፣ ክሪሶታይልን የሚመለከተው ሰፊ እገዳ የወጣው በ2024 ነው። አስቤስቶስ ዛሬም የሚመረትባቸውና በሕግ የሚሸጥባቸው አገሮች አሉ። ስለዚህ በቅድሚያ ቤቱ ባለበት አገር እገዳው መቼ እንደወጣ ይጠይቁ፤ በመጋዘን የነበረ ዕቃ ከእገዳው በኋላም ሊገባ ስለሚችል ጥቂት ዓመታት ይጨምሩበት። ደግሞም የቤቱ ዕድሜና የዕቃው ዕድሜ አንድ አይደሉም፤ መቶ ዓመት የሆነው ቤት የ1970 ወለል ሊኖረው ይችላል፤ አዲስ የሚባል ዕቃ ቤትም ከሌላ ቦታ በተነቀለ አሮጌ ጣሪያ ሊሸፈን ይችላል።

ከዘመኑ ቀጥሎ የሚመጣው ቃጫው ምን ያህል ጥብቅ ሆኖ ታስሯል የሚለው ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ከሁሉ ይበልጣል። አደጋው ያለው አየር ላይ በወጣው ቃጫ ውስጥ ነው። በሲሚንቶ ወይም በፕላስቲክ የተያዘ ቃጫ ዕቃው እስካልተቆረጠ፣ እስካልተፋቀ ወይም በእርጅና እስካልፈረሰ ድረስ በአብዛኛው ይዞት ካለው ነገር አይወጣም፤ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈረው ግን በንዝረት፣ በነፋስና በቀላል ግጭት ቃጫውን ይለቃል። አንዴ አየር ላይ የወጣ ቀጭን ቃጫ ለሰዓታት ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ሚዛን ብናየው፣ ከጠቀሷቸው አራት ነገሮች እጅግ የሚያሳስበኝ የምድር ቤቱ ቧንቧ ነው።

የቧንቧ መጠቅለያ በተለያየ መልክ ይገኛል። አንዱ ዓይነት እንደ ልስን ተቦክቶ በእጅ የተለጠፈ፣ በላዩ ሸራ ወይም ፋሻ መሰል ጨርቅ ተጠቅልሎ ቀለም የተቀባ ነው። ሌላው ዓይነት በተቆረጠ ጫፉ ሲያዩት የተደራረበ ሞገድማ ካርቶን የሚመስል ወረቀት ነው። ሦስተኛው በፋብሪካ በግማሽ ክብ ተቀርጾ ቧንቧውን ከሁለት ወገን አቅፎ በብረት ቀበቶ የታሰረ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ክርኖቹንና ቫልቮቹን ነው፤ ቀጥተኛው የቧንቧ ክፍል ቢጫ የመስታወት ሱፍ ለብሶ ሳለ መታጠፊያዎቹ ግን በአስቤስቶስ ሊጥ ተለብጠው የሚገኙበት ጊዜ በጣም ብዙ ነው፤ ስለዚህ የቀጥታው ክፍል ደኅና መምሰል ስለ ክርኑ ምንም አይነግርም። በመጠቅለያ ውስጥ ያለው የአስቤስቶስ መጠን ከትንሽ አንሥቶ እስከ አብዛኛው ክፍል ሊደርስ ይችላል፤ በየቦታው በእጅ የተቦካ ስለሆነም በአንድ ቧንቧ ላይ እንኳ ሜትር ተራምዶ ይለያያል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ቦታ የተወሰደ አንድ ናሙና «የለም» ቢል አያሳምነኝም።

በምድር ቤቱ ውስጥ ሆነው መጠቅለያውን ሳይነኩ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ሸራው የተቀደደበት፣ ውሃ የነካው፣ የተንጠለጠለ፣ ወለሉ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ፍርፋሪ የወደቀበት ቦታ ካለ ወዲያው ይውጡ፤ በሩን ይዝጉ፤ ፍርፋሪውን አይጥረጉ፤ የቤት ቫክዩምም አያስገቡ፤ የተለመደው ቫክዩም ማጣሪያው ቀጭኑን ቃጫ ስለማይይዝ በጀርባው መልሶ ወደ አየር ይበትነዋል። መጠቅለያው ቀድሞ ተነቅሎ ቧንቧው ራቁቱን ያለ ቢመስልም በቧንቧው ጀርባ፣ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቀዳዳና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ቅሪት ሊኖር ይችላል። ከዚህ መጠቅለያ በገዛ እጅዎ ናሙና እንዲወስዱ አልመክርም፤ ይህን ለሠለጠነ ሰው ይተዉት።

እዚህ ላይ ያልጠየቁትን አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ቦይለር ባለበት ምድር ቤት ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ከቦይለሩ ጀርባ ወይም በላዩ፣ በደረጃ ሥር፣ በእሳት መከላከያ በር ውስጥና በጣሪያ ክፈፍ ሥር ለስላሳ ግራጫ ወይም ነጭ ሰሌዳ ቢያዩ፣ ለእሳትና ለሙቀት መከላከያ የተሠራ የአስቤስቶስ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ከጂፕሰም ሰሌዳም ከሲሚንቶ ሰሌዳም አይለይም። በውስጡ ብዙውን ጊዜ አሞሳይት ያለበት ከ15 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ አስቤስቶስ ይይዛል፤ ከሲሚንቶው ሰሌዳ ይልቅ ልል ስለሆነም ሲሰበር ወይም ሲበሳ የሚለቀው ቃጫ እጅግ የበዛ ነው። ልምድ ያለው ሰው በጣቱ መገጣጠሚያ ሲያንኳኳው በድምፁ ይጠረጥረዋል፤ ሲሚንቶው ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ ይኸኛው ደነዝ ይላል። ውሳኔው ግን የቤተ ሙከራ ነው፤ በብሪታንያ አሠራር ለምሳሌ ሁለቱ የሚለዩት በሚጠጡት ውሃ ሲሆን፣ ከክብደቱ 30 በመቶ በታች የሚጠጣው እንደ ሲሚንቶ ይቆጠራል። ይህን ሰሌዳ ሚስማር እንኳ አይምቱበት።

ወደ ወለሉ ልምጣ፤ በእድሳት ጊዜ ሰዎች ሳያውቁ ብዙ ጉዳት የሚያደርሱበት ቦታ ነውና። የርስዎ ንጣፍ በየጎኑ በግምት 23 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጥርጣሬው ከፍ ይላል፤ ይህ መጠን የዚያ ዘመን የአስቤስቶስ ንጣፍ የተለመደ መጠን ነበር። በጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነውም ግን ነጻ አይደለም። በቀደሙት ንጣፎች ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ቡናማና የደበዘዘ ቀይ የበዛው ማያያዣው አስፋልት መሰል ስለነበረ ነው፤ በኋላ የመጡት የቪኒል ንጣፎች ፈካ ያለና እብነ በረድ መሰል ዥንጉርጉር መልክ ነበራቸው። ጫፉ የተሰበረ ንጣፍ ካለ ከሥሩ ያለውን ሙጫ ይመልከቱ፤ ጥቁር የሬንጅ ሙጫ ከሆነ ሙጫው ራሱ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ንጣፉ ነጻ ሆኖ ሙጫው የተበከለ፣ ሙጫው ነጻ ሆኖ ንጣፉ የተበከለ ሆኖ ይገኛል። ንጣፉ ራሱ ጥብቅ ነው፤ ሳይሰበር እስካለ ድረስ በላዩ ቢሄዱበትና በእርጥብ ጨርቅ ቢወለውሉት ብዙም አያሰጋም። አደጋው የሚፈጠረው ንጣፉ ከተነሣ በኋላ የቀረውን ሙጫ በማሽን ሲፍቁ ወይም ወለሉን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹ ነው። ይህን ሥራ ማንም እንዲሠራልዎ አይፍቀዱ።

ከንጣፎቹ ሥር ወይም በሌላ ክፍል ውስጥ በጥቅል የሚመጣ የፕላስቲክ ወለል ካገኙ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። የአንዳንዱ ጀርባ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ወረቀት የሚመስል ሽፋን አለው፤ ይህ ሽፋን ከፍተኛ መጠን ያለው ክሪሶታይል ሊይዝ የሚችል ሲሆን እንደ ፕላስቲኩ ጥብቅ አይደለም። ወለሉ ሲላጥ ሽፋኑ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ከፕላስቲኩ ጋር ይነሣል፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ ቃጫውም በዚያች ቅጽበት ይወጣል። የአሮጌ ቤት ወለል ብዙ ጊዜ ተደራራቢ መሆኑንም አይርሱ፤ አዲሱን ከላይ አይቶ «ይህማ የቅርብ ጊዜ ነው» ማለት ከሥሩ ያለውን መርሳት ነው።

የሳሎኑ ሻካራ ኮርኒስ በሁለት ዓይነት ሊመጣ ይችላል። በብሩሽ ወይም በማበጠሪያ ቅርጽ ተሰጥቶት የደረቀ ጠንካራ ቅብ ከሆነ፣ አስቤስቶስ ቢኖርበት እንኳ በአብዛኛው ከ1 እስከ 5 በመቶ የሚሆን ክሪሶታይል ነው፤ ካልፋቁት ቃጫውን አጥብቆ ይይዛል። በመርጫ የተረጨ፣ እንደ ጥጥ ፍንጣቂ የሚንጠለጠልና ሲነኩት የሚረግፍ ከሆነ ግን ልል ነው፤ ጥንቃቄውም እንደ ቧንቧው መጠቅለያ መሆን አለበት። ሁለቱም በየባልዲው የሚቦኩ ስለነበሩ አንዱ ጥግ ኖሮበት ሌላው ጥግ ላይኖርበት ይችላል። አሜሪካ ለትምህርት ቤቶች ባወጣችው ደንብ እንዲህ ላለው ገጽ፣ ስፋቱ እስከ 93 ካሬ ሜትር ከሆነ ቢያንስ 3፣ እስከ 465 ካሬ ሜትር 5፣ ከዚያ በላይ 7 ናሙና ይጠይቃል፤ በመኖሪያ ቤትም ይህን እንደ መነሻ መያዝ ጥሩ ነው።

የጓሮው ግራጫ ሞገድማ ጣሪያ፣ ብዙ ሰው ኤተርኒት ብሎ የሚያውቀው፣ ሉድቪግ ሃቼክ የተባለ ኦስትሪያዊ በ1900 ገደማ የፈለሰፈው የሲሚንቶና የአስቤስቶስ ውሕድ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን አስቤስቶስ ይዟል። ውፍረቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ሲያረጅ የድንጋይ ሽበትና ሻጋታ ይለብሳል፤ ጫፉ በተሰበረበት ቦታ አንዳንዴ ብቅ ያሉ የቃጫ ጥቅሎች ይታያሉ። ይሁንና ዘመናዊው የቃጫ ሲሚንቶ ያለ አስቤስቶስ፣ በእንጨት ወይም በሰው ሠራሽ ቃጫ የተሠራው፣ መልኩ ያው ነው። በአውሮፓ በተመረቱ አንዳንድ ሰሌዳዎች ጀርባ ላይ «ኤን ቲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመው ከተገኙ ሰሌዳው ያለ አስቤስቶስ መሠራቱን ያመለክታሉ፤ ማኅተሙ አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። ጣሪያውን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ የላይኛውን ሲሚንቶ ገፍፎ ቃጫውን በግቢው ሁሉ ይበትናል፤ በአሸንዳው ውስጥ የተከማቸው ጭቃና ከጣሪያው ጠብታ ሥር ያለው አፈርም ቃጫና ስባሪ ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ አይውጡበት! ያረጀ የሲሚንቶ ጣሪያ የሰው ክብደት ሳይችል በድንገት ይሰበራል፤ አስቤስቶስ ከሚያደርሰው ሕመም በፊት ውድቀቱ ሰው ይገድላል።

ቤቱን ሲዞሩ ሌሎችም ቦታዎች አሉ። በአሮጌ የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ያለው ጥቁር ሰሌዳና በፊውዝ መያዣው ውስጥ ያለው ነጭ ጨርቅ፣ የምድጃና የቦይለር በር ዙሪያ ያለው ገመድ፣ የጢስ ማውጫ ቱቦ፣ የመስኮት መስታወት መያዣ ስቱኮ፣ የጣሪያ ሬንጅ ወረቀትና በጂፕሰም ሰሌዳዎች መገጣጠሚያ ላይ የተቀባው መሙያ ሁሉ ተጠርጣሪ ናቸው። ከኮርኒሱ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ውስጥ ግን እንደ ጠጠር የፈሰሰ፣ ግራጫ ቡናማ ሆኖ ወርቅማ ወይም ብርማ የሚያብለጨልጭ፣ በንብርብር የተነፋ ነገር ካዩ ቨርሚኩላይት የሚባል የሙቀት መከላከያ ማዕድን ነው። ከ1919 እስከ 1990 በአሜሪካ ከተሸጠው ቨርሚኩላይት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው የመጣው በሞንታና ግዛት ከምትገኘው የሊቢ ከተማ አጠገብ ካለ የማዕድን ማውጫ ሲሆን፣ ያ ማዕድን በአስቤስቶስ የተበከለ ነበር። ብክለቱ በአንድ ወጥ የተሰራጨ ስላልሆነ አንድ እፍኝ ተመርምሮ ነጻ መባሉ አያስተማምንም፤ ቨርሚኩላይት ከሆነ እንዳለበት ቆጥሮ አለመንካት ይሻላል።

አሁን መመርመር አለበት ወይ የሚለውን ላንሣ። ሁሉን መመርመር አያስፈልግም። በእድሳቱ የማይነካ፣ ያልተጎዳና ጥብቅ የሆነ ነገር «አስቤስቶስ አለበት» ተብሎ ተቆጥሮ፣ በቤቱ ንድፍ ላይ ምልክት ተደርጎበትና በየዓመቱ ሁኔታው እየታየ ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህ ከብዙ አላስፈላጊ ነቀላ ያድናል። ምርመራ የሚያስፈልገው ሊቆረጥ፣ ሊነቀል፣ ሊፋቅ ወይም ሊበሳ የታሰበው፣ ደግሞም ተጎድቶ የሚረግፈው ነው። በርስዎ ቤት ይህ ማለት የወጥ ቤቱ ወለል ከነሙጫው፣ የሳሎኑ ኮርኒስና የቧንቧው መጠቅለያ ነው፤ ጣሪያውን ልታፈርሱት ካልሆነ እንዳለበት ቆጥሮ መተው ይበቃል።

በአንዳንድ አገር ናሙና መውሰድ የሚፈቀደው ፈቃድ ላለው ብቻ ስለሆነ ሕጉን አስቀድመው ይጠይቁ። በሚፈቀድበት አገር ቢሆንም በራስዎ ልትወስዱ የምትችሉት ከጥብቆቹ ብቻ ነው፤ ማለትም ከወለሉና ከጠንካራው የኮርኒስ ቅብ። ሌላ ሰው ከክፍሉ ይውጣ፤ ማራገቢያና ማሞቂያ ይጥፋ፤ ከሥር ፕላስቲክ ይነጠፍ። የጨርቅና የወረቀት ጭምብል አይረዳም፤ ኤፍ ኤፍ ፒ 3 ወይም ፒ 100 ደረጃ ያለው፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም መሆን አለበት፤ ጢም ካለ አይገጥምም። ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተጨመረበት ውሃ በመርጫ ረጭተው እስኪርስ ይጠብቁ፤ ከዚያ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ፣ ንብርብሮቹን ሁሉ እስከ ሥሩ ድረስ ይዞ እንዲወጣ አድርገው፣ በስለት ቀስ ብለው ያንሡ። ቁራጩን አጥብቆ በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ፣ ከረጢቱንም በሌላ ከረጢት ውስጥ ያድርጉ፤ የት እንደተወሰደ ይጻፉበት። የተቆረጠውን ቦታ በእርጥብ ወረቀት ጠርገው በፕላስተር ወይም በቀለም ይሸፍኑት፤ ወረቀቱ፣ ጓንቱና ፕላስቲኩም ታሽገው ለብቻ ይቀመጡ።

ናሙናው መሄድ ያለበት ለዚህ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ወዳለው ቤተ ሙከራ ነው። የተለመደው ዘዴ በፖላራይዝድ ብርሃን (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን) ማይክሮስኮፕ መመልከት ሲሆን፣ ቃጫው ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን በታወቀ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ ለክሪሶታይል ለምሳሌ 1.550 የሆነው ይመረጣል፤ ከዚያም ብርሃኑ በቃጫው ውስጥ ሲያልፍ የሚሰጠው ቀለምና ባሕርይ ዓይነቱን ይለያል። ለወለል ንጣፍ ግን ቤተ ሙከራው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መመርመር ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፤ በንጣፍ ውስጥ የሚገባው ቃጫ እጅግ ተፈጭቶ የደቀቀ ስለሆነ በብርሃን ማይክሮስኮፕ ሊያመልጥ ይችላል። ንጣፉና ሙጫው እንደ ሁለት ናሙና ተለይተው ውጤት እንዲጻፍላቸው አጥብቀው ይጠይቁ። በውጤቱ ላይ «ከ1 በመቶ በታች» የሚል ቢመጣ የአሜሪካ ሕግ ያንን መስመር ለትርጓሜ ስለሚጠቀምበት ነው፤ ለሳንባ ግን 1 በመቶ የደኅንነት ድንበር አይደለም፤ ከ1 በመቶ በታች ያለው ልል ነገር በማሽን ቢፈጭ ብዙ ቃጫ ያወጣል።

በመጨረሻ የበሱት ቀዳዳ። ከአስቤስቶስ የሚመጡት ሕመሞች፣ ማለትም አስቤስቶሲስ የሚባለው የሳንባ ጠባሳ፣ የሳንባ ካንሰርና የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ሜሶቴሊዮማ የሚባል ካንሰር፣ በአብዛኛው የሚታዩት ከ20 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ነው፤ ዕድላቸውም የሚጨምረው በተተነፈሰው መጠንና በቆይታው ልክ ነው። በብዛት የታመሙት ለዓመታት በአቧራው ውስጥ የሠሩ ሠራተኞችና የሥራ ልብሳቸውን ያጠቡ ቤተሰቦች ናቸው። ጥቂት ሴኮንድ በወሰደ አንድ ቀዳዳ የሚጨመር አደጋ እጅግ ትንሽ ነው፤ እንቅልፍ ሊነሣዎ አይገባም። አሁን የደረት ራጅ መነሣት ምንም አያሳይም፤ ለሐኪምዎ ነግረው በመዝገብዎ ላይ ቢጻፍ ይበቃል። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ግን ማቆም ይገባዎታል፤ ማጨስና አስቤስቶስ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰርን ዕድል እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚያደርሱት በላይ ያበዙታልና። ከቀዳዳው የወደቀው አቧራ አሁንም ካለ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን በከረጢት አሽገው ያስወግዱ፤ ቀዳዳውን በመሙያ ይድፈኑት፤ ደርቆ ሻካራ ቢሆን እንኳ በብርጭቆ ወረቀት አይሹት። የእድሳት ሠራተኞቹ መዶሻ ከማንሣታቸው በፊት ተጠርጣሪ ቦታዎቹ የተጻፉበትን ንድፍ በእጃቸው ይስጧቸው፤ የወለሉና የኮርኒሱ ውጤት እስኪመጣም ሁለቱን ክፍሎች ከሥራው ውጪ ያድርጓቸው።